«ዋና የማትችል ሴት ባሕር ላይ ምን ትሠራለች?»

«ዋና የማትችል ሴት ባሕር ላይ ምን ትሠራለች?» አለኝ አንዱ፣ ወሬውን ገና ሳልጀምርለት።

ባሏን ታድናለቻ!

ሌላ ምን ትሥራ? ማራሊን ቤይሊ እንግሊዛዊት ናት፤ ዋና አታውቅም። ከባሏ ከሞሪስ ጋር ሆና፣ ርዝመቷ ዘጠኝ ሜትር ተኩል በማይሞላ ባለ ሸራ ጀልባ፣ አትላንቲክን ተሻግራ፣ የፓናማን ቦይ አልፋ ፓሲፊክ ላይ ወጣች። የካቲት 25 ቀን 1965 ዓ.ም. ማለዳ ዓሣ ነባሪ ጀልባዋን መታባቸውና ሰጠመች። ከዚያች ጠዋት እስከ ሰኔ 23 ባልና ሚስት በተነፋ ጎማ ላይ ውሃው ወደወሰዳቸው ሲሄዱ ከረሙ። በኋላ የጻፉት መጽሐፍ 117 ቀን ይለዋል። በነዚያ ቀናት ባልየው ለመሞት ሲሰናዳ፣ ዋና የማታውቀው ሚስት «ነገ ምን እንበላለን?» ትል ነበር።

ዋናማ ለገንዳና ለወንዝ ዳር ነው። ቅርብ የተባለው መሬት ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ በራቀበት ቦታ፣ ዋና የሚችለው ከማይችለው የሚለየው ትንሽ ዘግይቶ በመስጠሙ ነው።

«ቤት ሸጦ ጀልባ? ምን ነካቸው?»

ምንም አልነካቸውም። ሞሪስ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበር፤ ማራሊን ግብር መሥሪያ ቤት ትሠራ ነበር። ደርቢ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ቤት ነበራቸው። ወር ጠብቆ የሚመጣ ደመወዝም ነበራቸው። የቀራቸው እዚያው እያረጁ ጡረታ መጠበቅ ነው። «ቤቱን እንሽጥና ጀልባ ይኑረን» ያለችው እሷ ናት። ጀልባዋንም ኦራሊን አሏት፤ ከሁለቱም ስም ቆርሰው። ዕቃቸውን ጭነው ገቡባት፤ እየሠሩ፣ እየቆጠቡ ኖሩባት፤ በ1964 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ወደ ኒውዚላንድ ብለው ከእንግሊዝ ተነሡ።

ቤታቸውን ጣሉ አትበለኝ። ቤታቸውን ውሃ ላይ አወጡት እንጂ። ደግሞ ሐሳቡን ያመጣችው ሒሳብ ስትሠራ የምትውል የግብር ሠራተኛ መሆኗን አትርሳ። ስንት እንዳላቸው፣ ስንት እንደሚበቃቸው፣ ስንት ዓመት እንደሚቆጥቡ አስልታ ነው የተናገረችው። ወንዱ ባሕር ሲወጣ «ደፋር»፣ ሴቷ «እንውጣ» ስትል «ምን ነካት» የሚለውን ቋንቋ ከየት እንዳመጣነው እንጃ። ከየትም እናምጣው፣ ለማራሊን አይሆንም።

«ይልቅ ሀብታሞች ናቸው በለኝ!»

አልልህም። ፊደል ለቃሚ ሀብታም የሆነበት አገር ካለ አሳየኝና እኔም ልግባ። ካላመንክ ሊንና ላሪ ፓርዲን ልንገርህ። እሷ ከካሊፎርኒያ፣ እሱ ከካናዳ ናቸው። ሴራፊን የምትባለውን ጀልባቸውን በገዛ እጃቸው ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1968 ውሃ ላይ አወጧት። ርዝመቷ ሰባት ሜትር ከግማሽ አይሞላም። ሞተር የላትም። ረስተውት ሳይሆን አንፈልግም ብለው ነው። ሞተር ገንዘብ ይበላል፣ ነዳጅ ይጠጣል፣ ይበላሻል፣ ቦታ ይይዛል። ነፋስ ሲቀር ይጠብቃሉ፤ ነፋስ ሲመጣ ይሄዳሉ። በየደረሱበት ወደብ የሰው ጀልባ እየጠገኑ የሰነቁትን ይዘው ዓለምን ዞሩ። ቆይተው ሁለተኛ ጀልባ ሠሩና በሌላው አቅጣጫ ደግመው ዞሩ፤ ያችኛዋም ሞተር አልነበራትም።

አየህ፣ ብዙ ሰው ባሕር ሳይወጣ የሚቀረው ገንዘቡ አልሞላ ብሎ አይደለም። ትልቁን ጀልባ ሲጠብቅ ነው።

«እሺ፣ ነፋሱ እምቢ ቢልስ?»

እምቢ የማይልበትን ጊዜና መንገድ መርጠው ነዋ የሚወጡት! ከካናሪ ደሴቶች ወደ ካሪቢያን የሚነፍሰው ነፋስ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ወሩን ሙሉ ይነፍሳል። ኮሎምበስን የወሰደው እሱ ነው፤ ዛሬም ጀልባዎችን የሚወስደው እሱ ነው። የአውሎ ነፋሱ ወራት እስኪያልፍ ይታገሡና በእነርሱ ኅዳር ይነሣሉ። አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ነው፤ ሦስት ሳምንት ገደማ። በጀርባህ የሚገፋህ ነፋስ እያለ ችግርህ መሄድ አይደለም። ችግርህ አለመተኛት ነው።

«ሁለት ሰው፣ ወር ሙሉ፣ ፊት ለፊት? እኔና ሚስቴማ በሦስተኛው ቀን እንበላላለን።»

የምትበላሉበት ጊዜ አታገኙም። ባሕር ላይ ሁለት ብቻ ሲሆኑ አንዱ ሲተኛ አንዱ ይነቃል፤ ሌሊቱን በሦስት ሰዓት፣ በአራት ሰዓት እየቆረጡ ይቀባበሉታል። መሪውን በነፋስ የሚሠራ መሣሪያ ይይዝላቸዋል፤ ዐይን ግን የሚተካላቸው የለም። ትልቅ የጭነት መርከብ ከአድማስ ብቅ ብሎ አናትህ ላይ እስኪደርስ ሃያ ደቂቃ ገደማ ቢፈጅበት ነው። ስለዚህ አንዱ ከሞቀ አልጋ ሲወጣ ሌላው እዚያው ሙቀት ውስጥ ይገባል። ብዙዎቹ የሚናፍቁት አብሮ መብላትን ነው።

መጣላትማ ይጣላሉ። ግን በሩን አላትሞ የሚወጣበት ደጅ የለም። እናቷ ቤት የምትሄድበት መንገድ የለም። ሽማግሌ የሚልክ ጎረቤት የለም። ተጣዪዎቹ ሁለት፣ ሽማግሌዎቹም እነዚያው ሁለት ናቸው። ሸራው ሲቀደድ ደግሞ ማን ማንን ይቅርታ እንደጠየቀ ሳይታወቅ ተያይዘው ይሰፉታል።

«ማዕበሉስ? ሴት ልጅ ማዕበል ትችላለች?»

ቤሪል ስሚተንን ጠይቃት። እ.ኤ.አ. በ1957 ከባሏ ከማይልስና ከወዳጃቸው ከጆን ጋዝዌል ጋር ወደ ደቡብ አሜሪካ ጫፍ፣ ወደ ኬፕ ሆርን ሲጓዙ መሪውን ይዛ የነበረች እሷ ናት። ማዕበሉ ዙ ሃንግ የምትባለውን ጀልባቸውን ከኋላ አንሥቶ በአፍንጫዋ ገለበጣት። ቤሪልን የያዛት ማሠሪያ ተበጠሰና ባሕር ውስጥ ተወረወረች። ምሰሶዎቹ ተሰባብረዋል፤ ጣሪያው ተገንጥሏል። ቆስላ፣ ወደ ስብርባሪው ዋኝታ፣ ተጎትታ ገባችና ሳትውል ሳታድር ባልዲ ይዛ ውሃውን መቅዳት ጀመረች። እየጠገኑ ቺሌ ደረሱ። አልበቃቸውም፤ በዚያው ዓመት ማብቂያ እንደገና ወጡ፤ ባሕሩም እንደገና ገለበጣቸው፤ እንደገና ቺሌ ተመለሱ። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ያንኑ ኬፕ ሆርን ባልና ሚስቱ አልፈውታል።

«ትችላለች?» ላልከው መልሱ ይኸው ነው። ወደ ማራሊን ልመለስ፤ ልቤ ያለው እሷ ዘንድ ነው።

«ዓሣ ነባሪ ጀልባ መታ? ተረት ተረት!»

የመሠረት አታድርገው። እነ ቤይሊ ከመስጠማቸው ዘጠኝ ወር ሳይሞላ፣ በሰኔ 1964 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በዚያው በፓሲፊክ፣ በጋላፓጎስ ደሴቶች አቅራቢያ የሮበርትሰን ቤተሰብ ጀልባ በነፍሰ ገዳይ ዓሣ ነባሪዎች ተመትታ ሰጥማለች። ስድስት ሰው ነበሩ፤ 38 ቀን ቆይተው የጃፓን ዓሣ አጥማጅ መርከብ አነሣቸው። የኦራሊንም እንዲያው ነው፤ ከውሃው መሥመር በታች ተበሳች። ሸራ ወጠሩባት፣ ልብስና ብርድ ልብስ ወተፉባት፣ ቀዱ፣ ቀዱ። የሚገባው ከሚወጣው በለጠ። አንድ ሰዓት ያህል ብትቆይላቸው ነው።

በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ የሆነውን ልብ በል። ማራሊን የቆርቆሮ ምግብ፣ ውሃ፣ ባልዲ፣ መጽሐፍ፣ ኮምፓስ፣ እጇ የገባላትን ሁሉ እየለቀመች ወደ ጎማው ታጋባለች። ነፍስ አድን ጎማው አንድ፣ በመቅዘፊያ የምትሄደው ትንሽ ታንኳ አንድ፤ ሁለቱን በገመድ አጣመሯቸው። የዓመታት ቁጠባቸው ዐይናቸው እያየ ወደ ታች ሄደ። ሞሪስ ካፒቴን ነበር፤ ካፒቴን ጀልባው ሲሰጥም አብሮት የሚሰጥም ነገር አለ። ያንን ነገር ከውሃው መልሳ ያወጣችው ሚስቱ ናት፤ ለዚያውም 117 ቀን ፈጅቶባት።

«ቆይ፣ ሬዲዮ የላቸውም? ለምን አልተጣሩም?»

እዚህ ላይ ሞሪስን አልከላከልለትም። ማስተላለፊያ ሬዲዮ አልያዙም፤ ያልያዙትም እሱ ስላልፈለገ ነው። ከሰው ርቀን፣ ማንም ሳይነካን፣ በነጻነት እንሂድ የሚል አቋም ነበረው። ከሰው መሸሽ ለሚወድ ሰው ቆንጆ ሐሳብ ነው። ነገር ግን ነጻነቱን የፈለገው አንድ፣ ዋጋውን የከፈሉት ሁለት ሆኑ። ሬዲዮ ሳትፈልግ ትዘጋዋለህ፤ ሳትይዘው ግን ስትፈልግ አትከፍተውም። ዛሬ ጀልባ ሲሰጥም ውሃ ሲነካው ራሱ የሚነሣ፣ ለሳተላይት «እዚህ ነኝ» የሚል መሣሪያ አለ፤ ከክንድ ያጠረች ዕቃ ናት። ኖራቸው ቢሆን የእነ ማራሊን ታሪክ በጥቂት ቀናት ባለቀ። እኔም ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩ፤ ቢቀርብኝ ይሻለኝ ነበር።

«ምን በሉ ታዲያ? እንዳትነግረኝ!»

እነግርሃለሁ። መጀመሪያ የቆርቆሮውን ምግብ። የምትመጥነው ማራሊን ናት፤ ስንት ቆርቆሮ፣ ለስንት ቀን፣ ማን ምን ያህል። ቆርቆሮው ማለቁ ሲታይ መንጠቆ ሲፈልጉ የለም። መርፌ ቁልፍ አጠፉና መንጠቆ አደረጉት። እናቶቻችን ነጠላ የሚያያይዙበት መርፌ ቁልፍ! በእሱ ዓሣ ማውጣት ጀመሩ፤ ጥሬውን በሉ። ጎማው ላይ የሚያርፉ ወፎች በባዶ እጅ ተያዙ። የባሕር ኤሊ ተበላ። ትንንሽ ሻርኮች ከጎማው ሥር ሲዞሩ ማራሊን በጅራታቸው ይዛ ታወጣቸዋለች፤ ሞሪስ ጭንቅላታቸውን በጨርቅ ይጠቀልላል።

«ሻርክ? በእጇ?»

በእጇ። ዋና የማትችለዋ።

«ኤሊ! እግዚኦ! አይበላም እኮ!»

እርስዎ እንኳን እንዲህ አይበሉ፣ ጋሼ። እርስዎ ከጾም በኋላ በግ እንደሚታረድ እያወቁ ነው የሚጾሙት። እነሱ ለነገ ምንም አያውቁም። ደግሞ ኤሊዋን በደስታ እንዳልገደሏት ራሳቸው ጽፈዋል፤ ከባድ ነበር። ኤሊ የሚበላ ብቻ አልነበረም። ወደ ጋላፓጎስ እንድትጎትታቸው አንዷን በገመድ አስረው ሞክረዋል። ለጊዜው ወደሚፈልጉት ሄደችላቸው። ተስፋ አድርገው ሁለተኛ ጨመሩ፤ ሁለተኛዋ ሌላ አቅጣጫ መረጠች። ቀዝፈውም ሞክረዋል። ውሃው ግን ወዲያ፣ ወደ ባዶው ነበር የሚሄደው፤ ማታ ማታ ቀዝፈው ያተረፉትን ቀን ይወስድባቸዋል። መቅዘፉን ተዉ።

መቅዘፉን ሲተዉ የሞሪስ ልብ ተሰበረ። እውቀቱ ነው የጎዳው። የመርከቦች መንገድ የት እንደሆነ ያውቃል፤ ያሉበትን ቦታ ያሰላል፤ የመገኘት ዕድላቸው ስንት እንደሆነም ራሱን አይዋሽም። ሒሳቡ ትክክል ነበር። ትክክለኛ ሒሳብ ይዞ ሊሞት ተዘጋጀ። በላዩ ላይ ታመመ፤ ትኩሳት፣ ሳል፣ በጨው ውሃ የቆሰለ ገላ። ጎማው ይተነፍሳል፤ ቀንና ሌሊት መንፋት አለ። ዝናብ ሲዘንብ ከጣሪያው የሚወርደውን መቅዳት አለ። እነዚያን ቀናት ማራሊን ሁለት ሰው ሆና ሠራች። ታጠምዳለች፣ ትበልታለች፣ ትነፋለች፣ ትቀዳለች፣ ባሏን ታጎርሳለች። ከሁሉም በላይ «ይገኙናል» ትለዋለች። ሒሳብ አታውቅም ነበር አትበለኝ፤ የግብር ሠራተኛ ናት። ሒሳቡን አውቃ ነው እምቢ ያለችው።

«ካርታ ተጫወቱ አሉ! በሞት አፋፍ ላይ ጨዋታ?»

ካልተጫወቱማ አፋፉን ያልፉታል። ከወረቀት ካርታ ሠራች፣ ዶሚኖ ሠራች። ስለ ምግብ አወሩ፤ እንግዳ ጠርተው ምን እንደሚያበሉ ምናሌውን እስከ ጣፋጩ ጻፉት። ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። የሰጠመችውን ጀልባ የምትተካ ሁለተኛ ኦራሊን ነደፉ። አልጋዋ የት ይሁን? ምግብ ማብሰያዋ በየት በኩል ይሁን? ስንቅ ስንት ትያዝ? ጎማ ላይ ተቀምጠው፣ ሱሪያቸው በስብሶ፣ አጥንታቸው ወጥቶ፣ በመደርደሪያ ስፋት ይከራከራሉ! ሥነ ልቦና ያጠና ሰው ስም ያውጣለት። እኔ ግን ሥራ እለዋለሁ። ለጨነቀው ሰው «አይዞህ» ብሎ መሄድ ቀላል ነው፤ ማራሊን ግን «አይዞህ» ካለች በኋላ እርሳስ አስያዘችው።

«መርከብ አላያቸውም?»

ሰባት አልፏቸዋል። ሰባት።

የመጀመሪያው የመጣው ገና በሳምንቱ ነበር። የድረሱልኝ ርችት ለኮሱ፤ መርከቡ አልዞረም። ሌላው መጣ፣ ሄደ። ልብስ አውለበለቡ፣ በቆርቆሮ እሳት አነደዱ፤ አልተገኙም። ባሕር ላይ ሆኖ ጎማ ማየት ቀላል አይደለም፤ ሞገድ ይሸፍነዋል፣ ፀሐይ ያንጸባርቃል። ይህን ለካፒቴኖቹ እሰጣቸዋለሁ። ነገር ግን ማየት የሚቻለው የሚያይ ሰው ሲቆም ነው፤ መሪው ራሱን ሲነዳ፣ ዘበኛው ቡና ሲጠጣ፣ ባሕሩ ባዶ ይመስላል።

እዚህ ስደርስ አንዲት እናት አቋረጡኝ። ተረብ አልነበረም ያሉት። «የኛን ልጆች ባሕር ሲበላቸው፣ አንተ የፈረንጅ ሽርሽር ታወራለህ?»

እትዬ፣ ስለ እነሱም ነው የማወራው። ከጅቡቲዋ ኦቦክ ተነሥተው ባብ ኤል መንደብን ወደ የመን የሚሻገሩት ልጆቻችን ጀልባ አልመረጡም፤ ስንቅ አልመጠኑም፤ ለደላላ ከፍለው የተጠቀጠቁ ናቸው። በነሐሴ 2009 ዓ.ም. የመን ሻብዋ ጠረፍ አጠገብ አሻጋሪዎቹ ኢትዮጵያውያንና ሶማሌያውያን ወጣቶችን ገና መሬት ሳይረግጡ ወደ ባሕር ገፍትረዋቸዋል። ያንን ከሽርሽር ጋር አንድ የሚያደርግ ምላስ የለኝም። ማራሊን መርጣ ወጣች፤ እነሱ አማራጭ አጥተው። አንድ የሚያደርጋቸው ከሰጠሙ በኋላ ያለው ነው። ውሃ ላይ ያለ ሰው፣ አጠገቡ የሚያልፍ መርከብ። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት አደጋ ላይ ያለን ሰው ማዳን የካፒቴን ግዴታ ነው ይላል፤ የራሱን መርከብና ሰው ለከባድ አደጋ እስካልዳረገ ድረስ። ፓስፖርቱን ጠይቅ አይልም። ለሽርሽር ነው ለስደት ብለህ መርምር አይልም። የማራሊን ሰባት መርከቦች ሳያዩ ነው ያለፉት፤ የርስዎን ልጆች አይተው ያለፉ አሉ። ይህን የምጽፈው እሱን ለማለት ጭምር ነው፣ እትዬ።

ዝም አሉ። እኔም አልጨመርኩ።

«እንግዲህ ዕድል ነው ያተረፋቸው!»

ዕድልማ ሰባት ጊዜ መጥቶ ሄዷል። ስምንተኛው መጥቶ ያገኛቸው እስከ ስምንተኛው ስለቆዩ ነው። ሰኔ 23 ቀን ወልሚ 306 የሚባል የደቡብ ኮሪያ ዓሣ አጥማጅ መርከብ አጠገባቸው አለፈ። እሱም አለፈ! ማራሊን ታውለበልባለች፣ ትጮኻለች። ሞሪስ ተዪው፣ አያየንም ሲል መርከቡ ዞረ። ከመርከቡ አንድ ሰው አይቷል፤ አንድ ሰው ለካፒቴኑ ተናግሯል፤ ካፒቴኑ ሥራዬ አይደለም አላለም። ሠራተኞቹ ከአገራቸው ከወጡ ሁለት ዓመት አልፏቸው፣ ቤታቸው ናፍቋቸው ወደ ኮሪያ የሚመለሱ ሰዎች ናቸው። አወጧቸው፣ ወተት ሰጧቸው፣ አለበሷቸው። ጎማው በዚያን ጊዜ ጀልባዋ ከሰጠመችበት ሁለት ሺህ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተንሳፍፏል። እያንዳንዳቸው ወደ 18 ኪሎ ቀንሰዋል። እግራቸው አልቆም አላቸው። መርከቡም መንገዱን ቀይሮ ሆኖሉሉ አወረዳቸው።

«እግዚአብሔር ነው» ላሉኝም መልስ አለኝ፤ እሱ የማልከራከርበት ነው። ግን ለኮሪያዊው መርከበኛ ዐይን፣ ለማራሊንም እጅ ምስጋናውን አታስቀሩባቸው።

«ባልየው ምን አለ? ወንድ ልጅ ሚስቴ አዳነችኝ ይላል?»

ሞሪስ ብሏል። ለዚህም ነው ሬዲዮውን ባልምረውም ሰውየውን የማከብረው። በሕይወት ያለሁት በሷ ነው ሲል፣ ተስፋ የቆረጠው እሱ፣ ያልቆረጠችው እሷ መሆኗን ሳይደብቅ ተናግሯል። ሌላ ሰው ቢሆን አብረን ታገልን ብሎ ያለፈው ነበር። ሶፊ ኤልምኸርስት የምትባል ጸሐፊ በ2016 ዓ.ም. ስለ ባልና ሚስቱ ያሳተመችው መጽሐፍ ታላቅ ሽልማት ሲያገኝ ብዙ ሰው እንደ አዲስ ነገር ተገረመ። አዲስ አልነበረም፤ ባሏ ከሃምሳ ዓመት በፊት ተናግሮታል። ያልሰማነው እኛ ነን። ጋዜጠኞቹ ካፒቴኑ ማን ነው ሲሉ እሱን ያያሉ፤ እሱ ግን እሷን ያይ ነበር።

«ከዚያ ወዲያማ ተፋቱ!»

አልተፋቱም።

«ባሕርማ ዳግመኛ አላዩም!»

ሁለተኛይቱን ኦራሊን አሠሯት። ያችኑ፣ ጎማው ላይ ሆነው የተከራከሩባትን። ተሳፍረውባት እስከ ደቡብ አሜሪካ ጫፍ፣ እስከ ፓታጎኒያ ሄዱ፤ ስለዚያም መጽሐፍ ጻፉ። ማራሊን እ.ኤ.አ. በ2002 እስክትሞት ድረስ ሞሪስን አልተለየችውም።

«ወይ ጉድ! የኔዋ እንዲህ ያለ ሐሳብ ብታመጣብኝስ?» አለ ያ መጀመሪያ ላይ የጠየቀኝ፤ አሁን ግን ሳይስቅ።

ሬዲዮ ግዛላት።